ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ጉልበት

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እሱን ሳነሳ ምላሴ ስለሚመር፣ የሚሰማኝ ሰው አመናጭቆ ያባረረኝ እንዳይመስለው ነው። አላመናጨቀኝም። እንዲያውም ጉልበቴን ይዤ ከዞርኩባቸው ሐኪሞች ሁሉ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ያስረዳኝ እሱ ብቻ ነው። ምነው ባላስረዳኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍል ሱቄ ነው፣ የኋለኛው መኝታዬ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም ክፍል የምጋራው ከመኪናዬ ጋር ነው። የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪናማ ከየት መጥቶ። በእግር የምትረገጥ አሮጌ ናት። ዕድሜ ልኬን ስረግጣት ኖሬ አንድ ቀን ቀኝ ጉልበቴ አኮረፈ። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ይገትረኛል፣ ደረጃ ስወርድ አሸዋ የገባበት ይመስል ውስጡ ይንቀጫቀጫል፣ ብዙ ከተቀመጥኩ ደግሞ ለመነሳት ጠረጴዛውን መለማመጥ አለብኝ።

ጉልበቱን ያመመው ሰው ሐኪም አያጣም፤ መንደሩ ሁሉ ሐኪም ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት "ብርድ ገብቶበት ነው፤ በሱፍ ጠቅልዪው" አለችኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መምህር "ሪህ ነው፤ ሥጋ ይተዉ" አለኝ። ሥጋ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ቢያውቅ አፍሮ ዝም ይል ነበር። እትዬ ደግሞ "ምቀኝነት ነው" አለች። "የእኔ ሁለቱም ሲታመሙ ያንቺ ደህና መሆኑ ከብዶት ነው" ብላ እስክታስላት ድረስ ሳቀች።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቀድማ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ክር በመርፌ ማስገባት ያስተማረችኝም እሷው ናት። "መርፌ" ብላ ነበር የምትጠራኝ። አንዳንዴ ቀጭን ስለነበርሽ ነው ትለኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ስለምትወጊ ነው ትለኛለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከእኔ ቤት ዳቦ ቤቱንና መድኃኒት ቤቱን አለፍ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሕንጻው ሊፍት የለውም። ለሊፍት ተብሎ የተተወ ባዶ ጉድጓድ ግን አለው፤ ነዋሪዎቹ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ያጭቁበታል። እትዬ ጉልበቷም ልቧም ስለደከሙ ወደ ታች መውረድ ካቆመች ቆይታለች። ስለዚህ እሑድ እሑድ የምወጣው እኔ ነበርኩ።

ሐኪም ቤት የሄድኩትም ለዚያው ደረጃ ብዬ ነው። ለስፌቱማ ቢሆን እያነከስኩም እሰራ ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደርነው ሁሉ ጉልበታችንን በሁለት እጃችን ታቅፈናል። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ዶክተሩ ራጁን መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቀለውና ኦስቲዮአርትራይተስ ነው አለኝ። የመድኃኒት ስም መሰለኝ። "እሱን ስንት ጊዜ ልውሰደው?" አልኩት። አልሳቀብኝም፤ ይህንንም ለእሱ ልቁጠርለት። ወንበሩን ሳበና፣

"ሥራዎ ምንድን ነው እናቴ?" አለኝ።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ፊቱ በራ። "እንግዲያ እርስዎ ይገባዎታል" አለኝ። "ሱሪ ያስቡ። ሰው ሲለብሰው፣ ሲለብሰው፣ ጉልበቱ ጋ ይሳሳል አይደል? መጨረሻ ላይ ክሩ ብቻ ይቀራል። የእርስዎም እንደዚያ ሆኗል። እዚህ ጋ ይዩት፤ በአጥንቱና በአጥንቱ መሀል ያለው ልስልሱ ነገር ሳስቷል። እዚህኛው ጋማ ጨርሶ አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው።"

አየሁት። ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ምን እንዳየሁ እኔም አላውቅም። "አይጣፍም?" አልኩት።

"አይጣፍም። ይሄ ነገር አንዴ ከሳሳ ተመልሶ አይወፍርም።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ይንከባከቡት። ክብደት አይጨምሩ፣ ደረጃ አያብዙ። ጨርሶ ያለቀ ቀን በብረት እንቀይረዋለን፤ ያንን ቀን ግን በተቻለን መጠን እናቆየው። ዕድሜ ነው እናቴ፣ ምን ይደረጋል።"

ማስታገሻ ጻፈልኝ። እኔ በሩ ጋ ስደርስ እሱ የሚቀጥለውን ሰው ካርድ አንስቶ ነበር። ዓይኑን ከካርዱ ላይ ሳያነሳ "እንቅስቃሴም ያድርጉ፣ እሺ" አለኝ። እኔም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። ሰው እንግዳ ሲሸኝ ደህና ግቡ ይል የለም? እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ሱሪውን ግን በደንብ ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ምሳሌውን ሰምቶ መንገድ ላይ ይረሳው ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ነው። የሳሳ ጨርቅ በየቀኑ አይለበስም። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሥርዓት ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚወጣውም ለአንድ ለሚያስፈልግ ቀን ነው። ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ዶክተሩ አጥፈሽ አስቀምጪው አላለኝም። እሱ ያስተማረኝ ግማሹን ነው፤ የቀረውን ከሙያዬ ሞላሁበት።

በዚያው እሑድ የደረጃውን ድጋፍ በእጄ እየጎተትኩ ወጣሁና ለእትዬ ነገርኳት። ትራሷን ደገፍ ብላ በጥሞና ሰማችኝ።

"እና ምን ያህል መንገድ ቀርቶታል አለሽ?"

"እሱንማ አልነገረኝም።"

"እንግዲያ እኔ ጋ ሻይ ለመጠጣት አትጨርሺው" አለች። "በስልክ እናወራለን። የምፈልግሽ ቀን እኔው እጠራሻለሁ።"

"እትዬ ደግሞ! እሑድ ካላየሁሽ ምኑን ኖርኩት?"

"ስሚኝ መርፌ። የእናታችንን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትሄድ እጄን ጭምቅ አድርጋ ነው የሄደችው። ሰው በዚያች ሰዓት እጅ ካጣ ሌላው ሁሉ ኖሮትም ምን ሊረባው? የእኔን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማን አለኝ? ስለዚህ ጉልበትሽን ለዚያ ቀን አስቀምጪልኝ። ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው" አልኳት።

"ስሞት ነው ያልኩሽ ታዲያ። ስኳር ሲያልቅብኝ እንዳትመጪ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደረጃውን ስወርድ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ድጋፉን አላይ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ቁጠባ ሰው ቢያየው ያመሰግነኝ ነበር፤ አመሰገነኝም። መኪናዬ ላይ ሞተር አስገጠምኩ። አልጋዬን ወደ ሱቁ አወጣሁት፤ በቀን የጨርቅ ማስቀመጫ፣ በማታ መኝታዬ ሆነ። ዳቦዬን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ትልክልኛለች። አንዱ ደንበኛዬ ቢሮው የጣለውን ባለጎማ ወንበር አመጣልኝና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ በሩ እሱ ላይ ተቀምጬ በግራ እግሬ ገፋ ገፋ እያደረግኩ መንሸራተት ለመድኩ። ልኬት ስወስድ ራሱ አልነሳም፤ ደንበኛው ይዞርልኛል። "ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው መንከባከብ" ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ሕመሙ ደግሞ ቀነሰ፤ ያታለለኝ እሱ ነው። የማይሰራ ነገር ምን ብሎ ያማል? እኔ ግን ዘዴዬ ሰራ ብዬ ኮራሁ። የቀሚሴ ጎን እየሰፋኝ ሲመጣ እንኳ ዶክተሩ ክብደት አይጨምሩ ያለው ተሳካልኝ አልኩ። የሳሳው ጭኔ መሆኑ አልታየኝም፤ የሰው ወገብ በዓይኔ የምለካ ሴትዮ የራሴን እግር መለካት አቃተኝ።

እትዬ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

"ጉልበትሽ እንዴት ነው?"

"ሳጥን ውስጥ ነው።"

"ብል እንዳይበላው ብቻ" ትላለች። ሁልጊዜ በዚሁ ቀልድ ነበር የምንጀምረው። ድምጿ እየቀጠነ ሲሄድ ሰማሁት። ልምጣ ስላት "ገና ነው፣ አላልኩሽም" ትለኛለች። እኔም ገና ነው ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። እግሬን ሳልዘረጋ ሌላ ሰው ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ እውላለሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴትዮ በሙሽርነቷ የተሰጣትን ጨርቅ አመጣች። ለልጄ ቀሚስ ይሁን ብላ ዘመኗን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ያቆየችው ነው። ስዘረጋው እጥፋቱ ላይ ተርትሮ ለሁለት ተከፈለ። ሴትዮዋ ደነገጠች። "አንድ ቀን እንኳ አልለበስኩትም እኮ!" አለች።

"እሱ ነዋ!" አልኳት። "ታጥፎ የኖረ ጨርቅ እጥፋቱ ላይ ይሞታል። አውጥተሽ ማናፈስ፣ መልበስ ነበረብሽ።" ይህን ያልኩት ባለጎማዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቀጥሎም እየተንሸራተትኩ ሄጄ መቀሴን አነሳሁ።

የተደወለልኝ አንድ ጠዋት ነው፤ እትዬ ሳትሆን ጎረቤቷ ናት። ግድግዳ የምትጋራት፣ ምግቧን የምታሞቅላት ደግ ሴት ናት። "እትዬ ሌሊቱን ክፉኛ ስታቃስት አደረች። ሐኪም መጥቶ አይቷት ሄዷል፤ ብዙ ጊዜ አልሰጣትም። መርፌን ጥሪልኝ ብላኛለች" አለችኝ።

አለቀስኩ፤ ግን አልዋሽም፣ በልቅሶው መሀል አንድ ኩራት ነበረብኝ። ቃሌን ይዣለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥኩት አለኝ። ጥሩ ጫማዬን አደረግኩና ታክሲ አስጠራሁ።

ሕንጻው በር ላይ ወርጄ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ያዝኩ። ጉልበቴ አላመመኝም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሕመሙን ጠብቄ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ሕመም የለም። እግርም የለም። ጭኔ ተንቀጠቀጠ፣ ከሥሬ ከዳኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ፤ አሁንም ቁጭ አልኩ። ድጋፉን በሁለት እጄ ይዤ ራሴን ስጎትት እግሬ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ከኋላዬ ቀረ።

ጎረቤቲቱ ከላይ ሆና "ደረስሽ?" ትላለች። "ደረስኩ!" እላለሁ። አልደረስኩም። የታክሲው ሾፌር አይቶኝ ተመልሶ መጣ። የሕንጻው ጥበቃም መጣ። ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ወንበር አወጡና አስቀመጡኝ። አንድ እግሩ የተሰበረ ነው። አንደኛው ፎቅ ድረስ አዘንብለው፣ እያቃሰቱ ወሰዱኝ። ማጠፊያው ላይ ወንበሩ አልዞር አለ። ወዲህ ሲሉት ግድግዳው፣ ወዲያ ሲሉት ድጋፉ። "ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳትጥላቸው" ይባባላሉ። እኔ "ጣሉኝ! ጣሉኝና ልሂድበት!" እያልኩ እጮሃለሁ።

በዚህ መሀል ነው የሰማኋት። የላይኛው በር ክፍት ስለነበር ድምጿ በደረጃው ወረደ። "መርፌ መጣች?" አለች።

"መጣሁ እትዬ! እዚህ ነኝ!" አልኩ። መልስ አልሰማሁም። ከወንበሩ ላይ ተንሸራትቼ ወረድኩና ጀርባዬን ወደ ላይ አድርጌ፣ በመቀመጫዬ፣ በእጄ እየገፋሁ አንዱን ደረጃ ከሌላው ወጣሁ። ቀሚሴ ተቀደደ። ሁለቱ ሰዎች በብብቴ ገብተው ያነሱኛል፣ እግሬ ይታጠፋል፣ ያስቀምጡኛል። ጉልበቴን መቆጠብ ሳልጀምር ያንን ደረጃ እያነከስኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ግን በገዛ እግሬ ስወጣው ኖሬያለሁ።

ስደርስ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፣ መዳፉ ወደ ላይ የተከፈተ። ያዝኩት። ይሞቃል። ግን አልጨመቀኝም።

ጎረቤቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። "እጇን ልይዝላት ብዬ ነበር" አለችኝ። "'ተዪው፣ የመርፌ ቦታ ነው፣ ደረጃው ላይ ናት' ብላ ከለከለችኝ።"

ከዚያ በኋላ ስላለው ልቅሶ ምን ልበል? ሰው መጣ፣ አጽናናኝ፣ "እንዲህ ታመሽ እንኳ መጥተሽላታል" አለኝ። እንዲህ ታምሜ አልነበረም፤ እንዲህ ተቀምጬ ነው።

ደረጃው ላይ ስወድቅ ወገቤንም ስለጎዳሁት በዚያው ሐኪም ቤት ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙበት ክፍል ላኩኝ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ተይዘው የሚራመዱባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች፣ መስተዋትና ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ቀበቶዎች አሉት። የምታሰራኝ ባለሙያ ልጄ ሳትሆን የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጭኔን በመዳፏ ያዘችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

"ስለ ጉልበትዎ ከዚህ በፊት ምን ተብለው ነበር እማዬ?"

"ሱሪ ነው ተብዬ ነበር።"

ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ መሳሳቱን፣ አለመጣፉን፣ ሳጥኑን፣ ባለጎማ ወንበሩን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነው የሰማችኝ።

"የራጁ ፎቶ ላይ መሳሳቱ እውነት ነው" አለች። "ግን ከዚህ የባሰ ፎቶ ይዞ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው አለ። ጉልበት ሱሪ አይደለም እማዬ፤ ሕይወት አለው። ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው ውስጡ የሚርሰው፣ የሚመገበውም በዚያ ነው። የሚሸከመው ደግሞ ይሄ የጭንዎ ጡንቻ ነው። እሱ ሲከሳ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወርዳል።"

"ያማል እኮ ልጄ።"

"ያማል። አመመ ማለት ግን ተበላ ማለት አይደለም። ያ በየሳምንቱ ይወጡት የነበረው ደረጃ አላጠፋዎትም፤ እሱ ነበር ያቆመዎት።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ለመሆኑ ይቀመጡ ያለዎት ማን ነው?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዶክተሩ ልል ነበር። አላለም እኮ። እትዬም የሰጠኋትን ነው መልሳ የነገረችኝ። "ማንም" አልኳት። ይህችን ቃል ስናገር የመረረኝን ያህል በልቅሶውም ቀን አልመረረኝም።

ካርዴን ወደ ራሷ ሳበች። "ሁሉንም ሰው የምንጠይቀው ነው፤ ግብዎ ምንድን ነው? ምን መቻል ይፈልጋሉ?"

"ሦስተኛ ፎቅ መውጣት።"

"ጥሩ ነው። ማን አለዎት እዚያ?"

"አሁንማ ማንም የለኝ።"

አንዱን ላስቲክ አወረደችና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረችልኝ።

እየሄድኩ መስራት ቀጠልኩ። አመመኝ፣ ሰደብኳት፣ ሳቀችብኝ፣ ሰራሁ። ባለጎማ ወንበሩን ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ሰጠሁት፤ ሞተሩን ከመኪናዬ ላይ አስፈታሁና መርገጥ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከላስቲኩ ክፍል ወጥቼ በኮሪደሩ ስሄድ ዶክተሩን አገኘሁት። ከኋላው ሦስት አራት ተማሪዎች ይከተሉታል። አወቀኝ።

"ልብስ ሰፊዋ!" አለ ደስ ብሎት፤ ወደ ተማሪዎቹም ዞሮ "የሱሪዋ ባለቤት እሳቸው ናቸው" አላቸው። ለካ በእኔ ሲያስተምር ኖሯል። "እንዴት ነው፣ ሱሪው ቆየልን?"

"ቆየ ዶክተር። አጥፌ ሳጥን ከተትኩት። ያወጣሁት ቀን መቆም አቃተው፤ እህቴም እየጠራችኝ ሞተች።"

ፊቱ ተለወጠ። መለወጡን አየሁ፤ ደንግጧል። "እኔ እኮ እንቅስቃሴ ያድርጉ ብዬዎታለሁ" አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

"ብለውኛል። በር ላይ።"

"ምሳሌውን ያመጣሁት እኮ እንዲገባዎ ብዬ ነው እናቴ።"

"ገብቶኛል እኮ። እንደ እሱ ጥርት ብሎ የገባኝ ነገር የለም።"

ተማሪዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። ዶክተሩ ትከሻዬን ነካ አደረገና "አዝናለሁ፣ ነፍስ ይማር" አለኝ። ከልቡ ነበር። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጉልበቱን ታቅፎ የተቀመጠውን ጎልማሳ "ይግቡ" አለው። ሁሉም ተከታትለው ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ አልሄድ አለ። ያሁኑስ የጡንቻው ጥፋት አይደለም። የሰሌዳው መብራት በርቶ ራጁ ሲሰቀል ታየኝ። ከዚያ የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ሾፌር ነኝ።"

"እንግዲያ ይገባዎታል" አለ ዶክተሩ። "ጎማ ያስቡ። ጥርሱ ሲያልቅ ሲያልቅ..."

ሰውየው እስኪወጣ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኩት። ማስታገሻ የታዘዘበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ሲከት ጠጋ አልኩት። "ወንድሜ፣ ጎማ አይደለም" አልኩት። "እንዳታቆመው። ቢያምህም ተራመድ። እዚያ ጥግ ካለችው ልጅ ጋ ሂድ፣ ታሳይሃለች።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እርስዎ ሐኪም ነዎት?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"አሃ" አለ። እግዜር ይማርዎ አለኝና አለፈ። ቀኝ እግሩን እንደ ብርጭቆ እየተሸከመ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ ጥቂት ተራመደና በመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ አለ። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ መንገዱም ደልዳላ ነው። እሱ ግን ጎማውን እየቆጠበ ነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ቤት ሄድኩ። ዳቦ ቤቱን አለፍኩ፣ መድኃኒት ቤቱን አለፍኩ። ወንበሩ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ተመልሷል፤ እግሩን የጠገነው የለም። ድጋፉን በአንድ እጄ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ማጠፊያው ላይ ትንፋሼን ሰበሰብኩና ቀጠልኩ። ጉልበቴ ትንሽ ተንቀጫቀጨ፣ ከዚያ ዝም አለ። ላይ ስደርስ ላብ እንኳ አላላበኝም።

በሯ ሌላ ቀለም ተቀብቷል። ደፉ ላይ የሕጻን ጫማዎች ተደርድረዋል። ኮቴዬን ሰምታ ነው መሰለኝ አንዲት ወጣት ሴት በሩን ከፈተችና "ማንን ፈልገው ነው እማማ?" አለችኝ።

"ማንንም ልጄ" አልኳት። "ደረጃውን ልሞክረው ብዬ ነው።"

"ውይ! ይህን ሁሉ ደረጃ? ጎበዝ ነዎት እኮ! ይግቡ አረፍ ይበሉ፣ ውሃ ላምጣልዎ" አለችና እንድትደግፈኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

እጇ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ላይ ነበር። አልያዝኩትም። ዞሬ ወረድኩ፤ ታች እስክደርስ ጉልበቴ አንዴም አላመመኝም።